የተንጠለጠለች ቭ

«ይሄ ሰው ከእኛው ነው፣ ጓድ ሻምበል። ፊደል ለቃሚ ነው።»

ሊቡሼ ሲኮሮቫ ይህን የሰማችው ገርበብ ካለው የማተሚያ ቤቱ ኢንጅነር ቢሮ በር ኋላ፣ ገና ያልደረቀ የእርማት ወረቀት በሁለት እጇ ይዛ እንደቆመች ነው። «የገጹን ቀኝ ዳር ብቻ ከላይ እስከ ታች ይመልከቱት። አንዲት ቭ፣ አንዲት ክ፣ አንዲት ስ በመስመር ጫፍ ተንጠልጥላ አያገኙም። በዚህ ሁሉ ገጽ! የቢሮ ጸሐፊ እንዲህ አትጽፍም፣ አስተማሪም አይጽፍም፣ ቄስማ ጨርሶ። የለመደ እጅ ነው።» ኢንጅነር ራዶቫን የሚያወራው ልጅ ፈተና አልፎ ለአባቱ እንደሚያወራው ነው፤ ድምፁ ክፋት የለበትም። አድማጩ ጉንፋን ይዞት ነው መሰል አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገና እርሳሱን አነሳ። በበሩ ክፍተት ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ወረቀት ታያት። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው፤ ፊደሉ የካርቦን ሰማያዊ፣ ከብዙ ንብርብር በታች የወጣ ስለሆነ ደብዘዝ ያለ። ማንበብ አላስፈለጋትም። ሰው የራሱን ስፌት ከሩቅ እንደሚያውቅ አወቀችው።

በጣቷ ጫፍ እየረገጠች ወደ ኋላ ተመለሰች። ኮሪደሩን ጨርሳ የሴቶች መታጠቢያ ቤት ገባች፤ የእርማት ወረቀቱን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጣ ቧንቧውን ከፈተች። ውሃ እየወረደ ከሆነ ሰው ሥራ ያለው ይመስላል። እጇን ከሥሩ ያዘች። ቀዝቃዛ ነው፤ የብርኖ ከተማ ውሃ በሰኔም ቀዝቃዛ ነው። መስታወቱ ውስጥ የምትታየው ሴት መነጽሯ ግንባሯ ላይ ወጥቷል፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። የፈራችው ይህን አልነበረም። ስንት ዓመት ስትፈራ የኖረችው የበር መንኳኳትን ነው፣ የጎረቤትን ጆሮ፣ ሰው ጉልበቱ ላይ ይዞት ትራም ውስጥ የሚረሳውን ፖስታ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ብርድ ልብስ አጥፋ ታነጥፋለች፤ የሞተች አክስቷ የተወችላትን፣ የትም መሥሪያ ቤት ያልተመዘገበውን የጽሕፈት መኪና ታወጣለች፤ ከመሠዊያው ታግደው ዛሬ የሆስፒታል ማሞቂያ ቤት ውስጥ ከሰል የሚጭሩ አንድ ቄስ የሰበኳቸውን ስብከቶች ትገለብጣለች። ስብከቶቹ ስለ ትዕግሥት ናቸው፣ ስለ ይቅርታ። መንግሥትን የሚያስደነግጥ ቃል የለባቸውም። የሚያስደነግጠው መገልበጣቸው ነው። ስለ ወረቀቱ አስባ ነበር፣ ስለ መኪናው፣ ስለ ጣት አሻራዋም። ስለ እጇ ልማድ ግን አንድም ቀን አላሰበችም።

አማርኛችን «በ»ንና «ከ»ን ከቃላቸው ጋር ሰፍቶ ስለሚሄድ ይህን ጣጣ አያውቀውም። ቼኮች ግን «በ»፣ «ወደ»፣ «ጋር» እና «ከ» የሚሉባቸውን ቭን፣ ክን፣ ስንና ዝን ለየብቻ ያቆሟቸዋል። አናባቢ እንኳ የላቸውም፤ ትንፋሽ የሚያገኙት ከሚቀጥለው ቃል ነው። መስመር አልቆ ቃሉ ወደ ታች ሲወርድ ቭ ከላይ መስመሩ ጫፍ ላይ ብቻዋን ከቀረች፣ ቤተሰቧ ገብቶ በሩ የተዘጋባት ልጅ ትመስላለች፤ የሙያው ሰዎችም ይህን አይወዱም። ሊቡሼ ከእርሳስ ብረት በተሠራ ፊደል ሥራ ስትጀምር ሽማግሌው አስተማሪዋ ጣቷን በማስመሪያ እየመታ ነው ያስተማራት። ከዚያ ወዲህ እጇ ራሱ ያውቃል። የገበያ ዝርዝር ስትጽፍ እንኳ ያወርዳታል። ባለፈው ዓመት ኮምፒውተሩ ሲገባ መስመሩን ራሱ መቁረጥ ጀመረ፤ ሲቆርጥ ታዲያ ቭንም ክንም ደጅ እየጣለ ነው። ራዶቫን ለኮምፒውተሩ ሕግ ሊጽፍለት ፈለገ። ወንበር ስቦ ከሊቡሼ ጎን ተቀመጠ። «የሚፈቀድበት ጊዜ አለ፣ ወይዘሮ ሊቡሼ?» «የለም።» «ዓምዱ ጠባብ ሲሆንስ?» «ቢጠብም፣ ልጄ። የምትይዘውን ቃል ተከትላ ትውረድ።» ለመኪናው እንዲገባው አድርጎ ጻፈው፤ አሁን መኪናው ነጠላዋን ፊደል ከተከታዩ ቃል ጋር በማይታይ ክር አስሮ አብሮ ያወርዳታል። ሊቡሼ ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ኮርታ ነበር። ሕጉን ካወቀ በኋላ ግን ራዶቫን ዓይኑ በየትም ወረቀት ላይ ቀኝ ዳሩን ሳያይ አያልፍም። ዛሬ የደኅንነቱ ሻምበል ያንን ስስ ወረቀት ይዞ የመጣው ወረቀቱ ከየት መጋዘን እንደወጣ ሊጠይቅ ነበር። ያልተጠየቀውን የመለሰው ልጁ ነው።

የእርማት ወረቀቷን አንስታ ሥራ ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠች። ከጻፈቻቸው አራት መስመሮች አንዱን ሁለት ጊዜ ጻፈች፤ ደለዘችው። ከዚያ ወደ በሩ ወርዳ የዘበኛውን ስልክ ለመነችው፤ ባሏ የትራም ጋራዥ ውስጥ ብየዳ ላይ ነው፣ እስኪጠሩላት ድረስ ቆየች። ዘበኛው ጋዜጣ ያነባል፤ ገጹን ግን አይገልጥም።

«ያሮሚር፣ እኔ ነኝ።»

«ምን ሆንሽ?» በሥራ ሰዓት ደውላለት አታውቅም።

«ምንም። ጓዳ ያለውን የኪያር ጠርሙስ ለእናትህ ውሰድላት እስቲ። ዛሬ።»

«የምን ኪያር? ባለፈው ወር ጨረስነው እኮ!»

«ከታች መደርደሪያ ያለው» አለች። «በብርድ ልብስ የጠቀለልኩት።»

ከወዲያ ማዶ ብረት በብረት ሲመታ ይሰማል፣ አንድ ሰው ሌላውን ሲሰድብም ይሰማል። በዚህ ነገር ላይ ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም። ቅዳሜ ብርድ ልብሱን ስታነጥፍ ውሻውን ይዞ ይወጣል፤ ለእራት ይመለሳል። ተቆጥቶ ይሁን፣ ፈርቶ ይሁን፣ ቦታ ሊተውላት ይሁን ጠይቃው አታውቅም።

«እ» አለ በመጨረሻ። «እሱማ ከባድ ነው።»

«ከባድ ነው።»

«አሁን ልውጣ?»

«አሁን ብትወጣ ጥሩ ነበር። ከኮሌጁ ደብዳቤ መጣ እንዴ?»

«ለብላንካ? አልመጣም» አለና ስልኩን ዘጋ። ልጃቸው ሕክምና ለመማር አመልክታ መልስ የምትጠብቅበት ሰሞን ነው። ነጥቧ ጥሩ ነው፤ ነጥብ ብቻውን ግን የትም እንደማያስገባ ከተማው ሁሉ ያውቃል። አንድ ሰው አንድ መስመር ጽፎ አንድ ፋይል ውስጥ ካስገባ ነጥቡ ወረቀት ነው።

በምሳ ሰዓት ምግብ ቤቱ ምስር ከተቀቀለ እንቁላል ጋር ነበረው፤ ሁለት ዘውድ ተኩል በሚያወጣ ኩፖን ከዚህ በላይ አይጠበቅም። ባልደረባዋ ኢርማ ሳህኗን ከሊቡሼ ፊት ለፊት አኖረች። ኢርማ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት፤ ወንድሟ ለሽርሽር ብሎ ቪየና ሄዶ እዚያው ከቀረ ወዲህ እድገት የሚባል ነገር አላየችም፣ አፏ ግን አልተዘጋም። «ዛሬም ምስር! ይሄን ማተሚያ ቤት ኢምፔሪያሊዝም አያፈርሰውም፣ ምስር ነው የሚያፈርሰው» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰባት ሰዓት ላይ ሁላችንም አዳራሽ ግቡ ተብለናል፣ ሰምተሻል? የጽሕፈት መኪና ከየቢሮው ሲሰበስቡ አየሁ። በዚህ ዕድሜዬ የቃል ጽሕፈት!» ሊቡሼ እንቁላሉን በማንኪያ ለሁለት ከፈለችው፤ አልበላችውም። የክፍሉ አለቃ ሽማግሌው ቬንዴሊን የሾርባ ጎድጓዳውን እንደያዘ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዞራል፤ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ጆሮ ያጎነብሳል። የፓርቲ አባል ነው፣ በመስከረም ጡረታ ይወጣል፣ ስድቡ እንጂ ምስጋናው ተሰምቶ አይታወቅም። ሰዎቹ ሲያጎነብስላቸው ማኘክ ያቆማሉ። ኢርማንም በትከሻዋ ነካ አድርጎ ወደ ውሃው ቧንቧ ወሰዳትና አንድ ነገር ነገራት። ሊቡሼ ጋ ሲደርስ ወንበሯን በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ አደረገና አለፈ። ለሁሉም ነግሮ እሷን ዘለላት። ታዲያ ምን ሊላቸው ይችላል? እሷ ናት፣ ራቋት። ሌላ ምን አለ?

እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ከራሷ ጋር ተሟገተች። እንደ ወትሮዋ ብትጽፍ እጇ ይመሰክርባታል። በጽሕፈት መኪና ሲጽፍ ስለ ነጠላ ፊደል የሚጨነቅ እሷ ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ለሥራው እንጂ ለራሳቸው ጽሑፍ ግድ የላቸውም፤ የኢርማን ወረቀትማ ስታይ ዓመት ሙሉ የልብስ ማስጫ ገመድ የምታይ ይመስላታል፣ ፊደሉ ሁሉ ተንጠልጥሎ። እንግዲህ ማንጠልጠል አለባት። ሰው ራሱን ሊያድን ሲል መሳሳት ኃጢአት እንዳልሆነ ለራሷ ነገረች፤ ነገሩ ግን ኃጢአት ስለመሆኑ አልነበረም፣ እጇ እሺ ይላት እንደሆነ ነበር። «ጌታ ሆይ፣ ጣቶቼን ያዝልኝ» አለች በልቧ። ይህን ጸሎት ማን ጸልዮ ያውቃል?

አዳራሹ የወለል ሰምና አቧራ የጠጣ መጋረጃ ይሸታል። የጽሕፈት መኪናዎቹ በረድፍ ተደርድረዋል፤ ራዶቫን ዕቃ እንደጠፋበት ሰው ከአንዱ ወደ አንዱ እያለ ወረቀት ያድላል። ሻምበሉ የሚያስፈራ መልክ የለውም። ዓይኑ በጉንፋን ቀልቷል፣ የሜንታ ከረሜላ ይመጥጣል፣ «ይቅርታ፣ ጓዶች፣ ብዙ አላቆያችሁም» ይላል። ጽሑፉ ስለ መከር ነው፤ በማሳ፣ ወደ ጎተራ፣ ከትራክተር ጋር፣ ከወረዳው፤ ሆን ተብሎ በነጠላ ፊደል የታጨቀ። ሲያነብ ይቆማል፣ ይጠብቃል፣ ያነባል። ክፍሉ በጣት ኮቴ ተሞላ። መስመሩ ሊያልቅ ሲል የመኪናዋ ቃጭል ጠቅ አለች፤ ልክ ከእሷ በኋላ ቭ መጣች። የሊቡሼ ግራ እጅ ሳታዘው ተነሳ፤ ወረቀቱን የያዘውን ጋሪ ሊመልስ ማንሻውን ያዘ። እጇን በግድ መለሰችው። ቭን ጻፈች። ከዚያ ጋሪውን ገፋች፣ ቃሉን ታች ጻፈችው። ቀና ብላ አየቻት፤ ጫፉ ላይ ብቻዋን፣ ያለ ትንፋሽ። ልብሷን ሳትቆልፍ አደባባይ የወጣች ያህል ፊቷ ጋለ። ሁለተኛ ክን አንጠለጠለች። ሦስተኛ ስን። ከግራ ከቀኝ ሰዎች እንዴት እንደሚጽፉ ልታይ አልደፈረችም።

ወረቀቶቹ ተሰበሰቡ። ሻምበሉና ራዶቫን ጠረጴዛው ላይ አጎንብሰው ማስመሪያ በየገጹ ቀኝ ዳር እያቆሙ ያዩ ጀመር። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። የራዶቫን ጆሮ መቅላት ጀመረ። የኢርማ ወረቀት ላይ ሲደርስ ማስመሪያውን አነሳ፣ እንደገና አኖረው፤ የኢርማን እጅ በየቀኑ ስለሚያርም ያውቀዋል። ቀጣዩን ወረቀት ሳበ። ሻምበሉ ከረሜላውን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወረ። «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» አለ። ከዚያ አንዱን ወረቀት ለብቻው ጎተተው። «ከዚህ በቀር። ሲኮሮቫ ማን ናቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ሊሆኑ አይችሉም። ይሂዱ፣ ሥራዎን ይቀጥሉ። ሌሎቻችሁ ትቆያላችሁ፤ አንድ በአንድ እንነጋገራለን።»

በኋላ ያሳፈራት ይህ ነበር፤ ሁሉም ባሉበት ደስ አላት። ማንም ዓይኗን አላያትም። በሩን ከኋላዋ ቀስ ብላ ዘጋችው።

የሥራ ክፍሉ ባዶ ነው። ኮምፒውተሩ ብቻውን ያጉረመርማል፤ ማንም ሳያዘው ነጠላ ፊደሎቹን እየሰበሰበ ያወርዳል። ወንበሯ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን አነሳች፣ መልሳ አኖረችው። ሁሉም እንዴት አንድ ሆኑ? ጥያቄው ከደስታው ሥር ቀስ ብሎ ብቅ አለ፤ ብቅ ሲል ደግሞ ደስታው ሄደ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተና ኢርማ ገባች፤ ወደ መጸዳጃ ቤት ልሂድ ብላ አስፈቅዳ ነው። ፊቷ ላይ ሳቅ የለም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ? ስንት ዓመት ሙሉ ‹ኢርማ፣ ቭሽን አንጠለጠልሽ፤ ኢርማ፣ ክሽ ደጅ አደረች› እያልሽ ስታቃጥይኝ ኖረሽ፣ እኔ ባወረድኩበት ቀን አንቺ ታንጠለጥያለሽ?»

«ማን ነገረሽ? ምን እንደሚፈልጉ ማን ነገራችሁ?»

«ቬንዴሊን ነዋ! ያ ዶሮ ራስ ኢንጅነር ‹እንዲህ የመሰለ ነገር አገኘሁ› ብሎ ጉራውን ነዛለት፤ ሽማግሌው ደግሞ ለሁላችንም በየጆሯችን። ‹ማንም ሰው አንዲት ፊደል እንዳያንጠለጥል፣ የሚያንጠለጥል ካለ ቆዳውን ገፍፌ ከበሮ እሠራበታለሁ› ብሎ። ማን እንደሆነ አናውቅም፣ ማወቅም አንፈልግም። ሁላችንም አንድ ከሆንን የቱን ይነጥላል?»

«ለእኔ አልነገረኝም።»

«ለአንቺ ምን ብሎ ይነግርሻል? ለጳጳስ ‹አባታችን ሆይ› ያስተምራሉ እንዴ? አንቺ መቼ አንጠልጥለሽ ታውቂያለሽ...» ኢርማ አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ሊቡሼን አየቻት፤ ከፊቷ ወደ እጇ፣ ከእጇ ወደ ፊቷ። «ኢየሱስ ማርያም» አለች በሹክሹክታ። «ዝም በይ። ምንም አትንገሪኝ። አልሰማሁም።»

«ሻምበሉ ምን እያላችሁ ነው?»

«ሌሎቹን ስለ አየር ጠባይ ያህል ነው የሚያዋራቸው። እኔን ወንድሜ ቪየና ምን እንደሚሠራ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ።» ኢርማ ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰበሰበች። «አንድ ሰው ይዞ መሄድ አለበት። ካልሆነ አለቃው ምን ይለዋል? ከሁላችንም ለማንሳት የምቀለው ደግሞ እኔ ነኝ። ተይው፣ ሊቡሽካ። አንቺ ልጅ አለሽ። ወደ ቤትሽ ሂጂ።» ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ዘጋችና፣ ተጠቅማ እንደወጣች እንዲሰማ በሩን ጮክ አድርጋ ዘግታ ሄደች።

ሊቡሼ የቀረችው ከኮምፒውተሩ ጋር ነው። የጎረቤትን ሸክም ስለ መሸከም ስንት የስብከት ገጽ ገልብጣ ነበር፤ ሁሉንም በንጹሕ ቀኝ ዳር። «ጌታ ሆይ፣ አልችልም» አለች፤ ይህንኑ ደጋግማ አለች። ስትጸልይ ግን አንድ ነገር አሰበች። ሻምበሉ እጅ አይዋሽም ብሎ ነው የሚያምነው። አንዲት ሴት በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል፣ ሁለት ዓይነት ወረቀት ከጻፈች እጅ ይዋሻል ማለት ነው፤ እጅ ከዋሸ ደግሞ በኢርማ ወረቀትም ኢርማን መያዝ አይቻልም። ሁለት ዓይነት ወረቀት የጻፈችው ሴት ግን ምን ትባላለች? እዚህ ላይ ሐሳቧ ቆመ፤ ብላንካ መጣችባት፣ ደብዳቤው መጣባት። ሳትወስን ነው የተነሳችው። ኮሪደሩ ላይ ስትሄድ ራሷን አገኘችው።

አንኳኳች። ሻምበሉ ቀና አለ።

«ምን ረሱ?»

«ወረቀቴን፣ ጓድ ሻምበል። ተበላሽቶብኛል። እንደገና ልጻፈው።»

«የተበላሸ ነገር የለውም።»

«አለው። ሦስት ፊደል አንጠልጥያለሁ። ሙያዬ ነው፤ በስሜ እንዲህ ያለ ወረቀት ወጥቶ አያውቅም።» ድምፅዋ እንደማይንቀጠቀጥ ስታውቅ ራሷም ተገረመች።

ቬንዴሊን ከኋላ ረድፍ ሳቁን ለቀቀው፤ ሳቁ ሻካራ ነው፣ ትንሽም ረዝሞበታል። «ይፍቀዱላት፣ ጓድ ሻምበል፣ አለዚያ እስከ ገና በዓል ድረስ ትነጫነጭብናለች። ይቺ ሴት የባሏን የቀብር ማስታወቂያ እንኳ ቭ ከተንጠለጠለችበት ግድግዳ ላይ አትለጥፈውም፤ አስከሬኑን አስቀምጣ እንደገና ታሳትመዋለች።» አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ኢርማ አልሳቀችም።

ሻምበሉ ጽሑፉን ሰጣት። ማንም ሳያነብላት እያየች ጻፈች። ከእሷ መኪና በቀር ድምፅ የለም። ቃጭሏ ጠቅ ስትል ክፍሉ ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል፤ ግራ እጇ ይነሳል፣ ጋሪው ይመለሳል፣ ቭ ከቃሏ ጋር ታች ትገባለች። ጨርሳ አውጥታ ሰጠችው። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አኖራቸውና ብዙ አያቸው።

«ከሁለቱ የትኛው ነው የእርስዎ እጅ?»

«ሁለቱም።»

«ኢንጅነር» አለ ሻምበሉ ዞር ሳይል። «ሰው እንደፈለገው ሊያደርገው ይችላል ማለት ነው?»

ራዶቫን ሊቡሼን አያት። ከጎኗ ወንበር ስቦ የተቀመጠባቸው የከሰዓት በኋላ ጊዜያት፣ «ቢጠብም፣ ልጄ» ያለችው፣ ሁሉም ፊቱ ላይ አለ፤ እሷም አየችው። እሷን ለማስያዝ ይህን ሕግ ከማን እንደተማረው መናገሩ ብቻ በቂ ነበር። ደረቱ ኪስ ውስጥ ያለውን እስክሪብቶ አወጣ፣ መልሶ ከተተ። «ሰው እንደ ሁኔታው ነው፣ ጓድ ሻምበል» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ሰልሎ። «ሲደክመው ያንጠለጥላል፣ ሲጠነቀቅ ያወርዳል። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሚያደርገው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው።»

«ጠዋት እንዲህ አላሉኝም።»

«ጠዋት... አላሰብኩበትም ነበር።»

ሻምበሉ የሌሎቹን ወረቀቶች ሰበሰበ፣ ጠርዛቸውን በጠረጴዛው መታ መታ አድርጎ አስተካከለ፣ ለራዶቫን መልሶ ገፋለት። የሊቡሼን ሁለቱን ግን አራት እጥፍ አጥፎ የውስጥ ኪሱ ውስጥ ከተታቸው። ኮቱን ለበሰ። በአጠገቧ ሲያልፍ ቆመ፤ የሜንታው ሽታ ደረሳት። «ልጅዎ ሕክምና ነው አይደል ያመለከተችው?» አለ፣ የጎረቤት ወሬ እንደሚጠይቅ ሰው።

«አዎ።»

«ጥሩ ሙያ ነው» አለና አፍንጫውን እየጠረገ ወጣ።

ማንም አላቀፋት፣ ማንም አላመሰገናት። ወንበር ተጎተተ፤ ሰዎች መኪናዎቹን ወደየቢሮው መሸከም ጀመሩ። ኢርማ ብቻ በአጠገቧ ስታልፍ ክንዷን ከክርኗ በላይ ያዘቻት፣ ጭብጥ አድርጋ፣ እስኪያማት፤ ከዚያ ለቀቀቻት።

ቤት ስትደርስ ያሮሚር ከእሷ ቀድሞ ገብቶ የድንች ሾርባ አሙቋል። ቀኝ መዳፉ ላይ የሻንጣ መያዣ የሠራው ቀይ ሰምበር አለ። የጓዳው በር ክፍት ነው፤ የታችኛው መደርደሪያ ላይ አቧራው መሐል ንጹሕ አራት ማዕዘን ቦታ ይታያል። ሊቡሼ እርጥብ ጨርቅ አምጥታ መደርደሪያውን ሁሉ ወለወለችው። ብላንካ ሳህን ደርድራ እናቷን አየች፣ አባቷን አየች። «ሰው ሞቷል እንዴ?» አለች። «ብዪ» አላት አባቷ። ተቀመጡ። ስለ ሾርባው ተነጋገሩ፣ እንጉዳይ አንሶታል ተባለ፤ ስለ ውሻው ጥፍር ተነጋገሩ። ከዚያ ሊፍቱ ከታች ተነሳ። ይህ ሕንፃ ግድግዳው ስስ ነው፣ ሊፍቱ የትኛው ፎቅ እንደደረሰ ሰው ሳይፈልግ ይቆጥራል። እየቀረበ መጣ። እነሱ ፎቅ ላይ ቆመ። የብላንካ ማንኪያ ሾርባው ውስጥ እንዳለ ቀረ፤ ልጅቷ ምንም አልተነገራትም፣ ግን እሷም መብላት አቆመች። ኮሪደሩ ላይ እግር ተሰማ፣ ከረጢት ተንኮሻኮሸ፣ የጎረቤቱ ቁልፍ ተንቃጨለ፣ በር ተከፍቶ ተዘጋ። ዛሬ እሱ ነው። ነገ ማን እንደሚሆን ማንም አያውቅም፤ ሁለቱ ወረቀቶች በሰው ኪስ ውስጥ ናቸው፣ ደብዳቤውም ገና አልመጣም።

ብላንካ ክፍሏ ከገባች በኋላ ያሮሚር የዳቦ ፍርፋሪውን በመዳፉ ጠርጎ ሰበሰበ። ሊቡሼን አላያትም።

«እናቴ እንደሆነ ጆሮዋ ደክሟል» አለ። «መድፍ ቢተኮስ አትሰማም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ቢመጣላት ደስ ይላታል።»

ሊቡሼ ሳህኖቹን አነባብራ ብድግ አለች።

«እኔም አብሬሽ እመጣለሁ» አለ ያሮሚር። ተነስቶም ሳህኖቹን ከእጇ ተቀበላት።